ሚቶኮንድሪያ የተበላሸ ዲኤንኤውን እንዴት ይጠግናል? በወረቀት፣ በመቀስና በፕላስተር የሚሠራ የክፍል ማሳያ

«ቲቸር፣ ሚቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ አለው ብለውናል። ታዲያ ሲበላሽ ማን ነው የሚጠግነው?»

ይህች ጥያቄ በየዓመቱ አትቀርም። ተማሪ ይጠይቀኛል፣ ባልደረባ መምህር ደውሎ ይጠይቀኛል። ድሮ ሰሌዳው ላይ ቀስት በቀስት እየሳልኩ እመልስ ነበር። ልጆቹ ቀስቱን ይገለብጣሉ፣ የኢንዛይሞቹን ስም ይሸመድዳሉ፣ በሳምንቱ ስጠይቃቸው ግን ሁሉም ተኗል። ወረቀት ቆርጠን በገዛ እጃቸው እንዲጠግኑት ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ነው ነገሩ የያዘላቸው። አሠራሩን እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ከአሁን በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንን ነው የምልከው።

ማሳያው የሚሠራው በሚቶኮንድሪያ (ምግብን ወደ ኃይል በሚቀይረው የሴል ክፍል) ውስጥ ዋነኛ የሆነውን ጥገና ነው፤ የተበላሸ ቤዝ (ከዲኤንኤ አራት «ፊደላት»፣ ከኤ፣ ቲ፣ ሲ እና ጂ፣ አንዱን) ነቅሎ በአዲስ መተካት። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል፣ ወረቀቱ ቀድሞ ከተቆረጠ።

ከመጀመራችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

የሰው ሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ቀለበት ነው፤ ጫፍ የለውም። 16,569 የቤዝ ጥንዶች አሉት። በላዩ ላይ ያሉት ጂኖች 37 ብቻ ናቸው፤ 13ቱ ፕሮቲን ይሠራሉ፣ የቀሩት 24ቱ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግሉ የአርኤንኤ ዓይነቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ለጥገና የሚሆን አንድም ጂን የለም። ይህን ያዙልኝ፤ ደረጃ 5 ላይ እንፈልገዋለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለአንድ ቡድን)

- ጠንከር ያለ ወረቀት። ማኒላ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ያለፈበት የግድግዳ ካላንደር ጀርባው ነጭ ስለሆነ ከማኒላም ይሻላል።
- መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ሁለት ቀለም ማርከር
- ፕላስተር (በቀላሉ የሚቆረጠው ስስ ዓይነት)
- 30 ያህል የወረቀት ማያያዣ ሽቦ፣ ማለትም አግራፍ
- ጠመኔ
- የስም ካርድ ለአምስት «ኢንዛይሞች» (ጥገናውን ተራ በተራ ለሚሠሩ ፕሮቲኖች)፦ ኦግ1፣ ኤፕ1፣ ፖል-ጋማ፣ ሊጌዝ-3፣ ሙቲ
- «ኤቲፒ» (የሴል ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) ተብሎ የተጻፈበት አንድ ትንሽ ወረቀት

ኮላ አትጠቀሙ። ማሳያው በሙሉ የቆመው የሚለያይ ነገር በትክክለኛው ቦታ በመለያየቱ ላይ ነው። ኮላ ከገባ ልጁ ቤዙን ሊነቅል ሲል ዘንጉን ይዞ ይቀደዳል። እኔ የመጀመሪያውን ዙር እንዲህ አበላሽቼው አውቃለሁ።

ዝግጅት

1. የዘንግ ቁራጮችን ቁረጡ። እያንዳንዱ 6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይኑረው። 24 ያስፈልጋችኋል፤ ሁለት ትርፍ ጨምሩና 26 አድርጉት። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ስኳርና አንድ ፎስፌትን ይወክላል። በእያንዳንዱ ላይ ቀስት ሳሉ። የቀስቱ ጭራ 5 ፕራይም፣ ጫፉ 3 ፕራይም ነው፤ የዲኤንኤ ክር ሁለት ጫፎች የሚጠሩት እንዲህ ነው። ቀስቱን «ለጌጥ ነው» ብላችሁ እንዳትዘሉት፤ ደረጃ 8 እና 9 ያለ እሱ ትርጉም የላቸውም።

2. የቤዝ ካርዶችን ቁረጡ። ከቁራጮቹ ትንሽ አነስ ይበሉ። 7 ኤ፣ 7 ቲ፣ 5 ሲ፣ 5 ጂ፤ በተጨማሪም አንድ መተኪያ ጂ እና አንድ መተኪያ ሲ፣ እንዲሁም ለደረጃ 9 እና 11 አንድ ትርፍ ኤ እና አንድ ትርፍ ቲ። በኤ እና በቲ ካርዶች ጠርዝ ላይ ሁለት አጭር ሰረዝ፣ በጂ እና በሲ ጠርዝ ላይ ሦስት ሰረዝ አስምሩ። ሰረዞቹ የሃይድሮጅን ቦንዶች ናቸው። ሁለት ከሁለት፣ ሦስት ከሦስት ይገጥማል፤ ልጁ ስሕተት ሲሠራ ራሱ እንዲያየው ነው።

3. ተገልባጩን ካርድ ሥሩ። ከሁሉም የምወደው ካርድ ይህ ነው። በአንድ በኩል ጂ ጻፉና ኮከብ አድርጉበት፤ ጠርዙ ላይ ሦስት ሰረዝ። በጀርባውም ጂ ከነኮከቡ፣ ነገር ግን ሁለት ሰረዝ ብቻ። ይህ 8-ኦክሶጉዋኒን ይባላል፤ በኦክሲጅን የተጎዳ ጉዋኒን ነው። የወረቀት ብልሃት እንዳይመስላችሁ። እውነተኛው ሞለኪውልም ከስኳሩ ጋር በተያያዘበት ቦንድ ላይ ይዞራል። በአንድ አቋም ከሲ ጋር በሦስት ቦንድ ይገጥማል፤ ዞሮ ሲቆም ደግሞ ከኤ ጋር በሁለት ቦንድ ይገጥማል። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ መገለባበጥ ነው።

4. ገመዱን ገጣጥሙ። 12 የዘንግ ቁራጮችን በርዝመታቸው ጫፍ ለጫፍ ደርድራችሁ በየመጋጠሚያው በፕላስተር አያይዙ፤ ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ይመልከቱ። ሌሎቹን 12 ደግሞ ከታች፣ ቀስቶቻቸው ወደ ግራ። ቤዞቹን በአግራፍ ብቻ ዘንጉ ላይ ስኩ፦

ላይኛው፦ ኤ ቲ ሲ ጂ ቲ ኤ ጂ ሲ ኤ ቲ ቲ ሲ
ታችኛው፦ ቲ ኤ ጂ ሲ ኤ ቲ ሲ ጂ ቲ ኤ ኤ ጂ

ፊት ለፊት የሚተያዩ ቤዞች ይነካኩ እንጂ በፕላስተር አይያያዙ። ይህን ሦስት ዓይነት አያያዝ ለልጆቹ ጮክ ብላችሁ ንገሩ፦ ዘንግ ከዘንግ በፕላስተር፣ ቤዝ ከዘንግ በአግራፍ፣ ቤዝ ከቤዝ በመነካካት ብቻ። እያንዳንዱ ኢንዛይም የሚነካው አንዱን አያያዝ ነው፤ ይህ ከገባቸው ሥራው ግማሽ አልቋል።

የሠራችሁት ቁራጭ 72 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሙሉውን ቀለበት በዚህ መጠን ብትሠሩት 994 ሜትር ይመጣል፤ የስታዲየም መሮጫውን ሁለት ዙር ተኩል ያህል ማለት ነው። በአንድ ሴል ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀለበት ከመቶዎች እስከ ሺዎች ይገኛል።

5. ወለሉ ላይ በጠመኔ ሁለት ክብ ሳሉ። አንዱ ኒውክለስ፣ ሌላው ሚቶኮንድሪያ። ገመዱ ሚቶኮንድሪያው ውስጥ ይቀመጥ፤ የኢንዛይም ስም የያዙት ልጆች ግን ኒውክለሱ አጠገብ ይቁሙ። ለምን? የጥገና ኢንዛይሞቹ ጂን ያለው ኒውክለስ ውስጥ ስለሆነ። ፕሮቲኖቹ ከኒውክለስ ውጭ፣ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ተሠርተው በሚቶኮንድሪያው ሁለት ሽፋኖች ላይ ባሉት ቶም እና ቲም በተባሉ በሮች ይገባሉ። ሁለት ልጆች በር ጠባቂ ይሁኑ። እያንዳንዱ ኢንዛይም የመግቢያ ወረቀት አሳይቶ ይግባ፤ ከገባ በኋላ ወረቀቱ ይቀደድ። እውነተኛው ፕሮቲንም ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ የአድራሻ ቅጥያ ይዞ ይመጣል፣ ውስጥ ከገባ በኋላ ቅጥያው ይቆረጣል። ይህችን ደረጃ ለጊዜ ብላችሁ ከዘለላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ማን ነው የሚጠግነው?» የሚለው፣ ሳይመለስ ይቀራል።

ጥገናው

6. አበላሹ። አንድ ልጅ ራዲካል፣ ማለትም ዲኤንኤውን የሚጎዳው ሞለኪውል፣ ይሁን (ሁሉም ይህን ቦታ ይፈልጋሉ፤ ዕጣ አውጡ)። በላይኛው ክር ከግራ 7ኛውን ጂ አውጥቶ ተገልባጩን ካርድ በሦስት ሰረዙ በኩል ይስካ። ሚቶኮንድሪያ ምግብን ወደ ኃይል ሲቀይር ከኤሌክትሮን ማመላለሻ ሰንሰለቱ የሚያፈተልኩ ኤሌክትሮኖች ኦክሲጅን ላይ እያረፉ ጎጂ ሞለኪውሎች ይፈጥራሉ፤ ዲኤንኤው ደግሞ እዚያው ጎረቤት ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉና ጠይቋቸው፦ «ሚውቴሽን ተፈጥሯል?» አብዛኞቹ አዎ ይላሉ። አልተፈጠረም። ፊት ለፊቱ ያለው ሲ አሁንም በቦታው አለ፣ ትክክለኛው መረጃ አልጠፋም። ይህ ጉዳት ነው። ሚውቴሽን የሚሆነው ሳይጠገን ከተባዛ ነው።

7. ኦግ1 ይግባ። ገመዱን እየዳሰሰ ይሂድና ኮከብ ያለውን ጂ ሲያገኝ መጀመሪያ ፊት ለፊቱን ይመልከት። ሲ ካለ ካርዱን ከአግራፉ ነቅሎ ያውጣው። ዘንጉን አይንካ! ባዶ ዘንግ ይቀራል። ኦግ1 የሚቆርጠው በቤዝና በስኳር መካከል ያለውን ቦንድ ነው። ፊት ለፊቱን ለምን ያያል? መልሱ ደረጃ 11 ላይ አለ፤ ልጆቹ ቶሎ ቢጠይቋችሁ «ቆዩ» በሏቸው።

8. ኤፕ1 መቀስ ይዞ ይግባ። ከባዶው ቁራጭ በስተግራ ያለውን ፕላስተር ብቻ ይቁረጥ። በስተቀኝ ያለውን አይቁረጥ። በስተግራ የቀረው 6ኛው ቁራጭ የቀስቱ ጫፍ ነፃ ወጣ፤ ይህ ነፃ 3 ፕራይም ጫፍ ይባላል። ዲኤንኤ ፖሊሜሬዝ (አዲስ ክር የሚሠራው ኢንዛይም፤ እዚህ ፖል-ጋማ) አዲስ ነገር መቀጠል የሚችለው እንዲህ ባለ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። በስተቀኝ ቢቆረጥ ፖሊሜሬዙ የሚቀጥልበት ጫፍ አያገኝም። ባዶው ቁራጭ አሁን በቀኝ በኩል ብቻ ተንጠልጥሏል፤ ወደ ላይ አጠፍ አድርጉት።

9. ፖል-ጋማ ይግባ። ይህ ልጅ ሥራ ይበዛበታል፤ ፈጠን ያለውን ምረጡ።

ሀ. ትርፍ ቁራጭ ላይ ጂ ተሰክቶበት፣ ሙሉውን ይዞ ይመጣል። ቤዝ ብቻውን አይመጣም። ቁራጩ ላይ ሁለት ትንንሽ ወረቀቶች በፕላስተር አንጠልጥሉበት፤ ትርፍ ፎስፌቶች ናቸው።

ለ. ከታች ያለውን ሲ አይቶ፣ ሦስት ሰረዝ ከሦስት ሰረዝ መግጠሙን አረጋግጦ፣ አዲሱን ቁራጭ ከግራው ጎረቤት ጋር በፕላስተር ያያይዛል። በዚያው ቅጽበት ሁለቱን ትርፍ ፎስፌቶች ቀንጥሶ ይጥላል። ለማያያዝ የሚያስፈልገው ኃይል ከእነሱ ነው የመጣው።

ሐ. ተንጠልጥሎ የቀረውን ባዶ ቁራጭ ከቀኙ ቆርጦ ያወጣል። ያ ትርፍ ስኳር እዚያ እያለ ቀጣዩ ኢንዛይም መዝጋት አይችልም።

ተሳስቶ ሌላ ቤዝ ቢያመጣስ? ፖል-ጋማ ወደ ኋላ ተመልሶ የራሱን ስሕተት የሚቆርጥበት ክፍልም አለው። አንድ ጊዜ ሆን ብላችሁ ቲ ስጡትና ሰረዙ አልገጥም ሲለው ምን እንደሚያደርግ እዩት።

10. ሊጌዝ-3 ይግባ። በአዲሱ ቁራጭና በቀኙ ጎረቤት መካከል የቀረችውን ክፍተት በፕላስተር ይዝጋ። ከመዝጋቱ በፊት ግን «ኤቲፒ» የሚለውን ወረቀት ያስረክብ። በግራ በኩል የተያያዘው አዲሱ ኑክሊዮታይድ (ቁራጩ ከነቤዙ) ይዞት በመጣው ትርፍ ፎስፌት ኃይል ነበር። በቀኝ በኩል ያለው የድሮ ጫፍ ግን አንድ ፎስፌት ብቻ ነው ያለው፣ የሚቀነጠስ ትርፍ የለውም። ስለዚህ ኃይሉ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ልጆቹ «ቲቸር፣ ሁለቱም በፕላስተር አይደል፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብለው የሚጠይቁት እዚህ ጋ ነው፤ መልሱ ይህ ነው። ኒውክለስ ሌሎች ሊጌዞችም አሉት። ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ግን ይህን የሚሠራው ሊጌዝ-3 ብቻ ነው።

ጥገናው አለቀ። ገመዱን በሁለት ጫፉ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አንሡት። ካልተለያየ ሁሉም በቦታው ተሠርቷል።

11. አሁን ጥገናው ሲዘገይ አሳዩ። ተገልባጩን ካርድ መልሳችሁ 7ኛው ቦታ ላይ ስኩና ገልብጡት፤ ሁለት ሰረዝ ይታይ። ላይኛውን ክር ብቻ አስቀርታችሁ አዲስ ታችኛ ክር አባዙለት። 7ኛው ቦታ ላይ ሁለት ሰረዝ ያለው ኤ ይገጥማል። ኦግ1ን ጥሩና ጠይቁት፦ «ትነቅለዋለህ?» ቢነቅለው ምን እንደሚሆን ይሞክር። ፖል-ጋማ ከታች ኤ ያያል፣ ቲ ያመጣል። በጂ እና ሲ ቦታ ቲ እና ኤ ተተከለ፤ አሁን ሚውቴሽን ሆነ፣ ያውም ጠጋኙ ራሱ ያመጣው። ኦግ1 ፊት ለፊቱን የሚያየው ለዚህ ነው።

እዚህ የሚገባው ሙቲ ነው። ሙቲ ኮከብ ካለው ጂ ፊት ለፊት የገባውን ኤ ይነቅላል። በቦታው መተኪያው ሲ ሲገባ ተገልባጩን ካርድ ወደ ሦስት ሰረዙ መልሱትና ኦግ1 እንደገና ይጠራ። ከደረጃ 7 ጀምራችሁ ድገሙ። ጊዜ ካጠረ ይህን ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አሳድሩት እንጂ አትዝለሉት።

ለሌላ ጉዳት ምን ይቀየራል?

ሳይቶሲን አንዳንዴ አሚን ቡድኑን ያጣና ዩራሲል ይሆናል። አንድ ሲ ላይ ሰረዝ አድርጋችሁ «ዩ» ጻፉበት። ነቃዩ ኦግ1 መሆኑ ቀርቶ ኡንግ1 ይሆናል፤ ከደረጃ 8 ጀምሮ ያለው ሁሉ እንዳለ ነው። መጀመሪያ የሚገባው ኢንዛይም እንደ ጉዳቱ ይለያያል፣ ተከታዮቹ ግን ያው ናቸው።

የተንጠለጠለው ስኳር ራሱ ተጎድቶ ፖል-ጋማ ሊያወጣው የማይችልበት ጊዜም አለ። ያኔ ከአንድ በላይ ቁራጭ ይገባና የድሮው ክር እንደ ልጣጭ ይነሣል፤ ልጣጩን ሌሎች ኢንዛይሞች ይቆርጡታል። ረጅሙ መንገድ ይባላል። ለጎበዝ ቡድን ስጡት።

ሁለቱም ክር አንድ ላይ ቢበጠስስ? ገመዱን መሀሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ቁረጡት። ልጆቹ ፕላስተር ይዘው ይሮጣሉ። አስቁሟቸው። በሰው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ እንዲህ የተበጠሰ ቀለበት ባብዛኛው አይጠገንም፤ በፍጥነት ተቆራርጦ ይወገዳል። ከሚያስወግዱት አንዱ ራሱ ፖል-ጋማ ነው፣ ቅድም ስሕተቱን በቆረጠበት ክፍሉ። ከዚያ ጤነኞቹ ቅጂዎች ተባዝተው ቁጥሩን ይሞላሉ። ኒውክለስ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ሚቶኮንድሪያ የሚችለው ብዙ ቅጂ ስላለው ነው። በተጨማሪም በአልትራቫዮሌት ጨረር ጎን ለጎን የተጣበቁ ቤዞችን ኒውክለስ የሚያወጣበት መንገድ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ የለም። ሁለት ጎረቤታም ቲዎችን በፕላስተር አጣብቃችሁ ኦግ1ን «ንቀል» በሉት፤ ግራ ሲጋባ ነጥቡ ይገባቸዋል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

- ኦግ1 ቤዙን ከነዘንጉ ያወጣል። ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው። መፍትሔው ለኦግ1 መቀስ አለመስጠት ነው። መቀስ የሚይዙት ኤፕ1 እና ፖል-ጋማ ብቻ ናቸው።
- ሊጌዝ ሁለቱንም ጎን በፕላስተር ይዘጋል። የግራው የፖል-ጋማ ሥራ ነው። ሁለት ቀለም ፕላስተር ካላችሁ አንዱን ለሊጌዝ ብቻ ስጡት።
- «ኦግ1 የተጎዳውን ቤዝ ያድነዋል» ተብሎ ይጻፋል። አያድነውም፣ ያወጣዋል። የወጣው አይመለስም።
- የታችኛው ክር ቀስት ወደ ቀኝ ይሳላል። ላይኛው ላይ ብቻ ስትሠሩ አይታወቅም፤ ሙቲ ታችኛውን ሲነካ ግን ኤፕ1 የተሳሳተ ጎን ይቆርጣል። እዚያ 5 ፕራይሙ በስተቀኝ ነው።
- «ሚቶኮንድሪያ ጥገና የለውም» የሚል መልስ። አሮጌ ማስታወሻዎች ላይ አሁንም ይገኛል። አለው፤ ከኒውክለሱ ያነሱ ዓይነቶች ናቸው እንጂ።

ጥንቃቄ

60 ተማሪ ባለበት ክፍል 12 መቀስ አትበትኑ። በየቡድኑ አንድ መቀስ ይበቃል፣ ከእጅ ወደ እጅ በመያዣው በኩል ይተላለፍ። ሰሌዳ ላይ ስለ ኦክሲጅን ጉዳት ስትጽፉ ልጆቹ «ታዲያ የትኛውን ቫይታሚን እንውሰድ?» ማለታቸው አይቀርም። ከዚህ ማሳያ የመድኃኒት ምክር አይወጣም፤ ወደ ገመዱ መልሷቸው።

ስትጨርሱ ቤዞቹን ከአግራፍ አውጥታችሁ በአንድ ፖስታ፣ ዘንጎቹን ሳትለያዩ በሌላ አስቀምጡ። ለሚቀጥለው ክፍል የሚቀየረው የተቆረጠው ፕላስተር ብቻ ነው። ካርዶቹን ቁጠሩ፦ 8 ኤ፣ 8 ቲ፣ 6 ሲ፣ 6 ጂ፣ አንድ ተገልባጭ። ተገልባጩ ከጠፋ ኦግ1 የነበረውን ልጅ ኪሱን እንዲፈትሽ ንገሩት።